የ6000 ዓመት በፊቱን ሰሃራ ማዝነብ አቃተኝ፣ የሚያውቅ ካለ እርዱኝ

ሰላም ወገን፣ ላቭክሊም በሚባለው ቀለል ያለ የውቅያኖስና የከባቢ አየር የኮምፒውተር ሞዴል የሰራ ካለ እስቲ ተባበሩኝ። ለመመረቂያ ፅሁፌ ከ6000 ዓመት በፊት የነበረውን፣ ያው ሰሃራ ሳርና ሀይቅ የነበረበትን ጊዜ እያስኬድኩ ነው፣ የምድርን ዘንግ ዝንባሌ 24.1 ዲግሪ አደረግኩት፣ ምድር ለፀሀይ በጣም የምትቀርብበትንም ከጃንዋሪ ወደ ሴፕቴምበር አካባቢ ወሰድኩት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ደሞ 264 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 264ቱ)። ከጁን እስከ ኦገስት በሰሜን በኩል ፀሀዩ እንደሚጠበቀው ጨመረ፣ መሬቱም ሞቀ፣ ዝናቡ ግን ወደ ሰሜን ፈቀቅ አልል አለኝ!

የጠረጠርኩት ከባቢ አየሩን ነው። 3 ንብርብር ብቻ ነው ያለው፣ ኳዚ ጂኦስትሮፊክ (ነፋሱን በአየር ግፊትና በኮሪዮሊስ፣ ማለትም የምድር መሽከርከር ነፋሱን በሚያጣምምበት ኃይል፣ መካከል ካለው ሚዛን የሚገምት) ስለሆነ ደሞ ማስተካከያ ቢጨመርበትም ኮሪዮሊስ በሚደክምበት በምድር ወገብ አካባቢ ነፋሱን በደንብ አይዘውም፣ ሞንሱን (የበጋውን ዝናብ የሚያመጣው ወቅታዊ ነፋስ) ደግሞ እዛው ነው ጨዋታው። ግሪዱም (ሞዴሉ ምድርን የሚከፍልባቸው ሳጥኖች) እያንዳንዱ ሳጥን 5.6 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የኛ ተራሮች ሁሉ ተጨፍልቀው ጥቂት ሳጥን ውስጥ ገብተዋል (ራስ ዳሸን የት እንደገባ እንጃ)።

አማካሪዬ ትልቁን ሞዴል ተጠቀም ይለኛል፣ ግን ጥልቁ ውቅያኖስ እስኪረጋጋ ሺህ ዓመታት ማስኬድ ስላለብኝ ባለኝ ማሽን አይታሰብም፣ ደሞኮ ትላልቆቹም ዝናቡን በቂ ሰሜን አያደርሱትም።

እና ፕላሲም የሚባለው ሌላ ቀለል ያለ ሞዴል ሙሉውን የነፋስ እኩልታ ስለሚፈታ ወደሱ ልዙር ወይስ እዚሁ ሆኜ ሰሃራን በግድ ሳር አልብሼ ልየው? ሌላው፣ ምህዋሩ ሲቀየር የወራቱ ርዝመትም ስለሚቀየር የጁላይ ዝናብን ከዛሬው ጋር ስታወዳድሩ ካላንደሩን እንዴት ነው የምታስተካክሉት? ስክሪፕት ያለው ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።