የብለድ ካልቸር ፕሮፖዛላችን፦ ሁለተኛው ቦትል ይቅደም

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ብለድ ካልቸር፣ ማለትም ደም ውስጥ ጀርም መኖሩን በቦትል አሳድጎ ስለማየት፣ የተጻፈው ረቂቅ ደርሷችኋል። የማኅበራችን ስም ይዞ ለሆስፒታሎች የሚላክ ስለሆነ ቅር ያላችሁን ነገር አሁኑኑ ጻፉ። አሁን ባለበት በቆዳ አጸዳድ ሥልጠናና በፖስተር ይጀምራል። ሌላው ገና ክፍት ነው።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦
ቅደም ተከተሉ አልተዋጠልኝም። ሥልጠናው ይኑር፣ ግን አንደኛ መቀመጥ ያለበት ከአዋቂ ታካሚ ሁለት ቦትል፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ጋ የሚመጣው አንድ ቦትል ነው፣ ደሙም ትንሽ። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ይደፈርሳል፣ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያውን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) ይሠራል፣ ግራም ፖዘቲቭ ኮክሳይ በዘለላ፣ ኮአጉሌዝ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ የሚኖረው የስታፍ ባክቴሪያ ዓይነት። ከዚያስ? ከቆዳ የገባ ነው እንዳንል ታካሚው ባክቴሪያው ሊገባበት የሚችል ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የሚቆይ ቱቦ) ሊኖረው ይችላል፣ እውነተኛ ኢንፌክሽን ነው እንዳንል የምናነጻጽርበት ሌላ ቦትል የለም። ስለዚህ የባክቴሪያውን ስም ከነሴንሲቲቪቲው (የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት) ጽፈን እንልካለን። ዋርድ ያለው ሐኪም ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ይዞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ያዛል። ፋርማሲያችን ከሌለው ቤተሰብ ተበድሮም ቢሆን ከውጭ ይገዛል። ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት፣ ምናልባት ለሌለ በሽታ! ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሁለት ቦትል ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የቆዳ ባክቴሪያ ከአንዱ ብቻ ከወጣ ኮንታሚኔሽን (ደሙ ሲቀዳ ከውጭ የገባ) የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከሁለቱም አንድ ዓይነት ከወጣ እንደ እውነተኛ ይያዛል። የደሙ መጠን ሲጨምር ደግሞ እውነተኛውን በሽታ የማግኘት ዕድላችንም ይጨምራል፤ ለአዋቂ በአንድ ቦትል ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይመከራል።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
እስማማለሁ፣ ግን ፕሮፖዛሉ ደም የሚቀዳውን ሰው ይይ። ጥጡ ጠዋት አልኮል ተነክሮ በአንድ ዕቃ ይቀመጣል፣ ሁሉም እጁን እየከተተ ያወጣል፣ ከሰዓት አልኮሉ ተንኖ አልቋል። በዚያ ቆዳው ይታሻል፣ ሳይደርቅ ደም ሥሩ ጠፋ ይባልና በጓንት ጣት እንደገና ይዳሰሳል። የጸዳው ሁሉ በዚያች ጣት ይበላሻል። ደም ሥሩን አስቀድሞ መፈለግ፣ ከዚያ ማጽዳት፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ ማድረቅ፣ ከዚያ ወዲያ አለመንካት። የቦትሉ ጎማ ክዳንም በአልኮል ይጸዳ፣ ብዙ ሰው አዲስ ስለሆነ ንጹሕ ነው ብሎ ያልፈዋል። እንደኔ ከፖስተር ይልቅ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ) ያለው አልኮል፣ የታሸገ ጎዝና ሁለቱ ቦትሎች በአንድ ከረጢት ተዘጋጅተው ይቅረቡልን። ካኑላ (የመድኃኒት መስጫ ቱቦ) ሲገባ በዚያው መቅዳትም ይቅር የሚል ይጨመር፣ ወረፋ ሲበዛ ሁላችንም ወደዚያ ነው የምናዘነብለው።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦
ሲስተር ያነሱት የጥጥ ነገር ትልቅ ነው። ባሲለስ የሚባለው አቧራ ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ስፖሩ (ጠንካራ ቅርፊት ያለው መልኩ) በአልኮል አይሞትም። ከአንድ ዋርድ ባሲለስ ከደጋገመ ጥጡና አቧራው ይጠርጠር። ግን እኛ አገር አባ ሰንጋ ስላለ፣ አምጪውም ባሲለስ ስለሆነ፣ ባሲለስ ሁሉ ኮንታሚኔሽን ነው ተብሎ እንዳይጣል። መጀመሪያ ሞቲሊቲውና ሄሞሊሲሱ (መንቀሳቀሱና ቀይ የደም ሴል ማፍረሱ) ይታይ።

የሕፃናት ሐኪም፦
የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለብቻው ይጻፍ። ከ1 ኪሎ ተኩል ልጅ ሁለት ሙሉ ቦትል ቅዱ ማለት አይቻልም፣ 1 ሚሊ ሊትር ማግኘትም ትግል ነው። ያለጊዜያቸው ተወልደው ካቴተር የገባላቸው ላይ ኮአጉሌዝ ኔጋቲቭ ስታፍ ራሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የልጁ ሁኔታ ሳይታይ "የቆዳ ነው" ተብሎ አይዘጋ። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ክሎርሄክሲዲን ሊያቃጥላቸው እንደሚችልም ይግባ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ማብራሪያ ጻፉልን። "ከሁለት ቦትል በአንዱ ብቻ ታይቷል፣ ከታካሚው ሁኔታ ጋር ይታይ" ቢባል የብዙ ሰው እጅ ይቆጠባል። በተቃራኒው ስታፍ ኦሪየስ፣ ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲየላ፣ ሳልሞኔላ ወይም ካንዲዳ ከአንድ ቦትል ብቻ ቢወጣም ኮንታሚኔሽን ነው ብሎ የሚያልፍ እንዳይኖር፤ እነሱ ሲወጡ ወረቀት ሳይጠበቅ ስልክ ይደወል። ሌላ፣ ረቂቁ ላይ ያለው ከ24 ሰዓት በኋላ ያደገ ሁሉ ኮንታሚኔሽን ነው የሚለው ዓረፍተ ነገር ይውጣ። ቦትሉን ማሽን ያለማቋረጥ ለሚከታተልበት ቦታም ቢሆን ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። በቀን አንዴ በዓይን ለሚያይ ላብራቶሪ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ አይታወቅም።

ከአንድ ክልል ሆስፒታል፦
ሁለት ቦትል ማለት ድርብ ወጪ ነው። በእ.ኤ.አ. 2024 የባክቴክ (የብለድ ካልቸር ማሽን) ቦትል በዓለም ሲያጥር አይተናል። ከየት እናመጣለን?

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦
ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ፣ ትኩሳት ላለው ሁሉ አይላክ። ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን ሰውነትን ሲያናጋ)፣ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፣ ማጅራት ገትር ለሚጠረጠርበት ይላክ፣ ሲላክ ግን ሁለት ሆኖ፣ ከተቻለ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር። በግማሽ የተሞላች አንዲት ቦትል ሪፖርቷ ትርጉም ካልሰጠ እሷም ወጪ ናት።

የልኬቱን ጉዳይም እዚሁ ልጨርስ። የኮንታሚኔሽን ግባችን ከ3 በመቶ በታች ይሁን። በእ.ኤ.አ. 2022 የወጣው የሲኤልኤስአይ (የላብራቶሪ ደረጃ አውጪ ተቋም) መመሪያ አሠራሩ የተሟላለት ቦታ ወደ 1 በመቶ እንዲያልም ይላል፣ እኛ ግን ገና መቁጠር አልጀመርንም። በየዋርዱ እንቁጠር፣ በሰው ስም አይሁን፤ ስም ከተጠራ ቁጥሩ መደበቅ ይጀምራል።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ አንቀጽ 1 "ሁለት ቦትል፣ ሁለት ቦታ" ሆኗል፣ ፖስተሩ ወደ አባሪ ወርዷል። ሲስተር፣ የከረጢቱን ዝርዝር እርስዎ ይጻፉልን። የጨቅላዎቹን ክፍል ዶክተር እስከ ሐሙስ ይልካሉ። የቦትል ወጪውን የሚያሰላ አንድ ሰው ይቀረናል፣ ግዢ ክፍል የሠራ አባል ካለ ይጻፍልኝ።