ለሜዲካል ላብራቶሪ የሚያመለክት ልጅ ምኑ ይታያል?

ከሳቢያን ለጻፉልን እትዬ፦ ልጅዎ ድሬ ላይ በላብራቶሪ ሠርቶ አሜሪካ ትምህርቱን ሊቀጥል ነው፤ የማትሪክ ውጤቱ እንዳያስቀረው ፈርተዋል። በማትሪኩ ብዙ አይጨነቁ። እዚህ አሜሪካ በዋናነት የሚያዩት የኮሌጅ ውጤቱን ነው፤ በተለይ ኬሚስትሪና ባዮሎጂውን።

ምክንያት አላቸው። ተማሪው ሲመረቅ ለላብራቶሪ ባለሙያዎች የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የአሜሪካ ማኅበር፣ የኤኤስሲፒ፣ የሙያ ፈተና ይጠብቀዋል። 100 ጥያቄ ነው፣ በ2 ሰዓት ተኩል። ማለፊያው ከ999 400 ነው። ወደ ላብራቶሪ ትምህርቱ ከመግባታቸው በፊት በሳይንስ ጥሩ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች ይህን ፈተና የማለፍ ዕድላቸው የተሻለ እንደሆነ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሥራው ላይ ያለ ሰው ይህ አይገርመውም። የደም ናሙና ተቀድቶ ሲመጣ ሴረሙ (ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ) ቀላ ብሎ ይገኛል እንበል። ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተዋል ማለት ነው። ውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ስለሚፈስ ማሽኑ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል። በሽተኛው ግን ምንም አልሆነም። ኬሚስትሪ የገባው ልጅ ውጤቱን አይልክም፤ «እንደገና ይቀዳ» ይላል። ያልገባው ያወጣውን ቁጥር ይልካል፣ ሐኪሙም በዚያ ያክማል።

ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉም አሉ። እኔ ብዙም አላምንበትም፤ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ነው የሚያሳየው። የእኛ ልጆች ደግሞ በትልቅ ሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው በአጭሩ መልሰው ዝም ይላሉ። ጨዋነት ነው፣ እዚህ ግን የማያውቁ ያስመስላቸዋል። ከአሁኑ በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ይለማመድ።

በነጥብ የማይታይ ሀብትም አለው። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ ወባ ሲነሳ፣ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ ከምትራባው የወባ ትንኝ፣ ከአኖፊለስ ስቴፈንሳይ ጋር እንደተያያዘ ያስታውሳሉ። ድሬ የሠራ ልጅ ደሙን መስታወት ላይ ቀብቶ (ብለድ ፊልም)፣ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ቀልሞ፣ ሁለቱን የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምን ከቫይቫክስ፣ ይለያል። እዚህ ያለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ወባን የሚያውቃት ከመማሪያ ስላይድ ነው። ይህን በማመልከቻ ደብዳቤው በዝርዝር ይጻፈው፣ አይፈር።

ትራንስክሪፕቱ (የኮሌጅ ውጤት ዝርዝሩ) እዚህ ባለ ገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ መመዘን አለበት፤ ስለዚህ ከተማረበት ኮሌጅ ታሽጎ እንዲላክ ቀድሞ ይጠይቅ። የሚያመለክትበት ፕሮግራም የላብራቶሪ ትምህርት ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ድርጅት፣ የናክልስ፣ እውቅና እንዳለውም ያጣራ። የኬሚስትሪ ውጤቱ «ሲ» (C) ከሆነ፣ ከማመልከቱ በፊት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ቢደግመው ይሻለዋል።

እስቲ የኬሚስትሪውን ውጤት ይጻፉልኝና ከዚያ እንነጋገር።