የሆስፒታሉ መሻገሪያ፦ ለክፍለ ከተማው የሚገባው የጋራ ሐሳብ፣ አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ

ጸሐፊ፦ በማኅበራችን ስብሰባ የተባለውን በጽሑፍ አስፍሬዋለሁ። ሰነዱ ዓርብ ካልገባ ሐምሌ 1 ለሚጀምረው በጀት አይደርስም፤ እንደ አምናው ዓመቱን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። የምንጠይቀው ይህን ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር በሚወርደው ቁልቁለት፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው ዜብራ በቀለም ብቻ መቅረቱ ይብቃና ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ከፍ ብሎ ይሠራ። መሐል መንገዱ ላይ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ማረፊያ ይኑረው። በየቅያሱ ጥግ የጠርዙ ድንጋይ ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲመች ዝቅ ይበል። ማታ መሻገሪያውን የሚያሳይ መብራት ይተከል። በመጨረሻም ሁለት አግዳሚ ወንበሮች፤ አንዱ ከመሻገሪያው በላይ፣ ሌላው በጫማ ቤቱና በመጻሕፍት መደብሩ መካከል። ከእኛ የሚጠበቀው የንድፉ ክፍያና የወንበሮቹ ዋጋ ነው፤ መንገዱን የሚሠራው መንግሥት ነው።

ባለ ጫማ ቤት፦ ከወንበሩ በቀር በሁሉም እስማማለሁ። በእኔ መስታወት ፊት ወንበር አይተከልም። ይህንን ስብሰባው ላይ ተናግሬ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ውስጥ ግን የለም። ለምን?

ጸሐፊ፦ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍረው የተስማማንበት ነው።

ባለ ጫማ ቤት፦ እኔ ካልተስማማሁ አልተስማማንም ማለት ነው።

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ነዋሪ፦ ወንበሩ ይቆየን፤ የመጀመሪያውን ነጥብ አንብቡት። አባቴን በተሽከርካሪ ወንበር ለሕክምና የማመላልሰው እኔ ነኝ። የጠርዙ ድንጋይ ጋ ስደርስ ወንበሩን አዙሬ በኋላ ጎማዎቹ ነው የማወርደው፤ ፊት ለፊት ካወረድኩት አባቴ ይደፋል። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ድንጋዩና አስፋልቱ የሚገናኙበት ስንጥቅ ይነክሳቸዋል። ያን ጊዜ አንዱ ሊስትሮ ሣጥኑን ትቶ ይመጣና የእግር ማሳረፊያውን ያነሣልኛል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፊቴ ወደ ሱቆቹ ነው፤ ጀርባዬን የሰጠሁት ለሚወርደው መኪና ነው። የሚመጣውን አላይም። እኔ የተፈራረምኩት ይህ እንዲቀር ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ እውነቷን ነው፤ ቁልቁለቱንም አትርሱ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል፤ በ30 ቢሆን ከ8 ሜትር ብዙ አይርቅም። ሾፌሩ እግረኛውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ቢያንስ አንዲት ሴኮንድ ትሄዳለች። ከረገጠ በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር መኪናው እስኪቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ቁልቁለትና እርጥብ አስፋልት ሲጨመር ከዚህም ይብሳል። በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚራመድ በሽተኛ ሃያ ሜትር ስፋት ለመሻገር ሃያ ሴኮንድ ያስፈልገዋል፤ የመሐል ማረፊያው የተጠየቀው ለዚህ ነው። ቀለም ሾፌርን አያስቆምም፤ ፍጥነቱን የሚሰብረው ከፍታው ነው።

አንድ ነገር ግን ረቂቁ ላይ የለም። ከፍ ያለ መሻገሪያ የክረምቱን ጎርፍ እንደ ግድብ ይይዘዋል። ከላይ በኩል ግራና ቀኙ ፍርግርግ ያለው የውሃ መውረጃ ካልተሠራለት ውሃው በቀጥታ ወደ ሱቆቹ ነው የሚገባው። ይጨመር።

ባለ መድኃኒት ቤት፦ የውሃው ነገር ይግባ። ወንበሩን በተመለከተ ግን ጫማ ቤቱ ለብቻው ሊወስን አይችልም። መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ቆመው የሚንቀጠቀጡ አዛውንቶችን በየቀኑ አያለሁ። ከሆስፒታሉ ወጥቶ ታክሲ እስኪያገኝ ሰው የት ይረፍ?

ባለ ጫማ ቤት፦ መድኃኒት ቤትዎ በር ላይ ይረፍ። ወንበሩን እዚያ ትከሉት።

ባለ መድኃኒት ቤት፦ የእኔ በር ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ጠባብ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።

የመጻሕፍት መደብሩ፦ ወንበሩ ግማሹ የእኔ መስታወት ፊት ነው የሚውለው፤ እኔ ተቃውሞ የለኝም። የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ መጽሐፍ ያያል።

ባለ ጫማ ቤት፦ መጽሐፍ ከፍ ብሎ ይደረደራል። ጫማ የሚደረደረው ከታች ነው። ሦስት ሰው ተቀምጦበት ከመንገድ ማዶ ሲታይ የእኔ መስታወት ባዶ ነው። የማስከፍለው ኪራይ ሳይሆን የምከፍለው ኪራይ ነው ያለብኝ፤ የማሳየው ነገር ከተጋረደብኝ ምን እሸጣለሁ?

ገንዘብ ያዥ፦ ፊቱን ወደ መንገዱ ቢያደርግስ? መደገፊያ የሌለው ቢሆንስ?

ባለ ጫማ ቤት፦ ፊቱን ወደ ሰማይ ቢያደርግም አልፈልግም።

የቅርሳ ቅርስ መደብሩ፦ መደገፊያ የሌለው ወንበር ለበሽተኛ ምን ይረባል? ደግሞ ከእንጨት ነው ከብረት? ብረት ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ እኩለ ቀን ላይ ያቃጥላል። እንጨት ከሆነ በሁለት ክረምት ይበሰብሳል። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ጀምሮ ባለፈባቸው መንገዶች የተተከሉትን አይተን ተመሳሳዩን እንጠይቅ። ለብቻችን የተለየ ነገር ብንተክል ነገ መጥተው ያነሡታል፤ ገንዘባችንም አብሮ ይነሣል።

የሕትመት ቤቱ ወጣት፦ እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዤ እወጣለሁ። የመንገዱን ስፋት፣ የጠርዙን ከፍታ፣ የወንበሩን ቦታ ለክቼ፣ በአንድ ሰዓት ስንት ሰው እንደሚሻገርም ቆጥሬ እዚህ አሰፍራለሁ። ያለ ቁጥር የሚገባ ማመልከቻ አይነበብም።

ጸሐፊ፦ በጣም ጥሩ። እንጠብቃለን።

ባለ መድኃኒት ቤት፦ እውነቱ ይነገር ከተባለ ጉዳዩ መስታወት አይደለም። በሽተኛ ደጃፉ ላይ እንዲታይ የማይፈልግ ሰው አለ።

ባለ ጫማ ቤት፦ ይህን ቃል ያንሡ! እናቴ እዚያው ሆስፒታል ተኝታ በነበረች ጊዜ መሄጃ ያጡ አስታማሚዎችን ሱቄ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጥ እንደነበር ይህ መንደር ያውቃል። ውሃ ሰጥቻለሁ፣ ስልክ አስደውያለሁ። ዛሬ በሽተኛ ጠላ ልባል? ቃሉ ካልተነሣ ፊርማዬንም መዋጮዬንም አውጥቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮዎ እኮ ገና አልገባም።

ባለ ጫማ ቤት፦ አምና ለአበባ ማስቀመጫ የከፈልኩት የት ደረሰ? እሱ ሲገለጥ ይህ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኙ በደብተሩ ላይ ተለጥፏል። ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። ይህን ጥያቄ ስመልስ ስንተኛዬ እንደሆነ እንኳን ጠፍቶብኛል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ልጆቼ፣ ነገሩን አብርዱት። ዕድር ላይ አብረን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። መድኃኒት ቤት፣ ያልከው ከባድ ነው፤ እናቱን ሁላችንም ሸኝተናል። አንተም ጫማ ቤት፣ የአምናውን ገንዘብ ዛሬ አታንሣው።

ባለ መድኃኒት ቤት፦ ስለ ጋሼ ስል ቃሉን ትቼዋለሁ። ወንበሩን ግን አልተውኩም።

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ነዋሪ፦ ይህን ሁሉ ስታወሩ ስለ መሻገሪያው አንድ ሰው እንኳን አልጻፈም። የሕንፃ አዋጁ አካል ጉዳተኞች መግባት እንዲችሉ ያዛል። ማመልከቻው ላይ ይጠቀስ፤ ጉልበት ይሰጠናል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ አዋጁ የሚመለከተው ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች ነው፤ መንገዱን አይደለም። ከጠቀስነው መጀመሪያ የሚጠየቀው የሱቆቻችን ደረጃ ነው። ከእኛ ስንቱ በር ላይ ነው ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባው? እኔ ይጠቀስ ባይ ነኝ፤ የራሳችንንም በር አብረን እናስተካክል።

የቅርሳ ቅርስ መደብሩ፦ አሁን ጊዜው አይደለም። የራሳችንን ገበና ይዘን አንከሰስም።

ጸሐፊ፦ አዋጁን ለጊዜው አወጣዋለሁ። የቅዳሜው ልኬት ምን ላይ ደረሰ?

ጸሐፊ፦ የሕትመት ቤቱ፣ ልኬቱ?

የመጻሕፍት መደብሩ፦ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ። ሜትሩ የእኔ ነው፤ እሱም አብሮት ሄዷል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ልኬት ከሌለ በሙከራ እንጠይቅ። ለገሃር መጋጠሚያው ላይ ከዓመታት በፊት የተሠራውን ታስታውሳላችሁ። ሳይቆፈር፣ በቀለምና በአበባ ማስቀመጫዎች አስፋልቱን ከልለው ለእግረኛ ቦታ አሰፉ። «ሰባተኛ» የሚባለው መጋጠሚያ ላይም በዚሁ መንገድ ተሠርቷል። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ ካልተስማማ ይነሣል። መሻገሪያችን ጋ ጥጉን እንዲህ ብናጠበው የሚሻገረው ሰው መንገድ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ የሚታጠፈውም መኪና ቀስ ይላል። ቋሚው በበጀት እስኪሠራ ሰው አይሙት።

የቅርሳ ቅርስ መደብሩ፦ ይኸው መፍትሔው! በወንበሩ ፋንታ የአበባ ማስቀመጫ ይሁን። መስታወት አይጋርድም፣ መንገዱንም ያሳምራል።

ባለ ጫማ ቤት፦ አበባ ከሆነ እኔ እፈርማለሁ። ውሃ ማጠጣቱንም በበኩሌ እወስዳለሁ።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ እኔ ያልኩት አስፋልቱ ላይ፣ መኪናውን የሚከለክል ማስቀመጫ ነው። ሱቅ ፊት የሚቀመጥ አበባ ማንንም አያድንም።

የመጻሕፍት መደብሩ፦ አስፋልቱ ላይ ከሆነ ዕቃ የምናወርድበትን ቦታ ይይዝብናል። ካነሣነው አይቀር እሱንም እንጠይቅ። ወረቀት የጫነ መኪና ሲመጣ መቆሚያ የለም፤ ሠራተኞቼ ካርቶን ተሸክመው ከቅያሱ ነው የሚመጡት። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ዕቃ ማራገፍ ይፈቀድልን።

ባለ ጫማ ቤት፦ ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ከዓመት ዓመት የምለው ነው።

የቅርሳ ቅርስ መደብሩ፦ እስማማለሁ። ከመሻገሪያው አጠገብ ያለው ቦታ ለማራገፊያ ይመቻል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ በፍጹም! መሻገሪያ አጠገብ የቆመ የጭነት መኪና እግረኛውን ከሾፌር ዓይን ይሰውረዋል። ሕፃን ከመኪናው ፊት ብቅ ሲል ያን ጊዜ ፍሬን አያድነውም። ማራገፊያ ከፈለጋችሁ ከመሻገሪያው ርቆ፣ በቅያሱ ውስጥ ይሁን።

የመጻሕፍት መደብሩ፦ ቅያሱ ውስጥማ አሁንም እያወረድን ነው። ምን ልንጠይቅ ነው ታዲያ?

ጸሐፊ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። የመንገዱ ላይኛው ጫፍ አራዳ፣ የታችኛው ቂርቆስ ስለሆነ ለየትኛው ክፍለ ከተማ እንደምናስገባም ገና መጠየቅ አለብኝ። ሁሉም የሚፈርምበትን ብቻ ይዤ አስተካክዬዋለሁ። አንደኛ፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ዕቃ ማራገፍ ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ የአበባ ማስቀመጫዎች በሱቆቹ ፊት። ሦስተኛ፣ መብራት። አራተኛ፣ የመሻገሪያው ከፍታ፣ የመሐል ማረፊያው፣ የጠርዙ ድንጋይና የውሃ መውረጃው በቀጣይ እንዲጠና። ወንበሮቹ ወጥተዋል።

ባለ መድኃኒት ቤት፦ ወንበር ከሌለ እኔም የለሁም።

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ነዋሪ፦ መሻገሪያው ከአንደኛ ወደ አራተኛ፣ ከ«ይሠራ» ወደ «ይጠና»! ይህ የነጋዴዎች ማመልከቻ ነው፤ እኔ ነዋሪ ነኝ። የማራገፊያውን ጥያቄ አልቃወምም፣ ሥራችሁ ነው። ግን የአባቴን ጉዳይ መነሻ አድርጋችሁ ጀምራችሁ በካርቶን አትጨርሱት። አንደኛው ነጥብ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ስሜን አውጡ። መሻገሪያውን ብቻ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ዛሬ ማታ ጽፌ ነገ ጠዋት በየሱቁ ይዤ እዞራለሁ፤ የፈለገ ይፈርምልኝ።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ የፍርግርጉንና የከፍታውን ንድፍ በእጄ ሥዬ እሰጥሻለሁ፤ ለንድፍ ክፍያ አያስፈልግሽም። ጠዋት እኔ ጋ እለፊ።

ባለ ጫማ ቤት፦ እኔ ጋም ይምጡ። መሻገሪያው ላይ ተቃውሞ ኖሮኝ አያውቅም። ወንበር የሚል ቃል እንዳይኖርበት ብቻ።

ባለ መድኃኒት ቤት፦ ወንበር ከገባበት እኔም እፈርማለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ማመልከቻ በአንድ ማኅተም አይገባም። የማኅበሩ ማኅተም የሚያርፈው ጸሐፊው ባዘጋጀው ላይ ነው። ለአበባ ማስቀመጫዎቹ ያላዋጣችሁ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ አስገቡ።