ውኃ አሳላፊ አስፋልት ጥንካሬው በምን ይፈተናል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ አጠገብ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ የሚተኛበት የመኪና ማቆሚያ ግቢ አለን፤ ስለዚህ ውኃ አሳላፊ አስፋልት ለማንጠፍ አስበናል። ሆኖም እንዲህ ቀዳዳ የበዛበት አስፋልት ባጃጅና ሚኒባስ ሲጠመዘዝበት እንዳይፈረፈር እሰጋለሁ። ተቋራጩ ያቀረበልን የማርሻል ፍተሻ (ናሙናው ሲጨመቅ የሚችለውን ጭነት የሚለካ) ውጤት ብቻ ነው። ይበቃል?

መልስ፦
አይበቃም። የማርሻል ፍተሻ የታሰበው ለተለመደው ድፍን አስፋልት ነው። የእርስዎ ዓይነቱ በአብዛኛው የሚበላሸው ጠጠሩ ከሬንጁ እየተላቀቀ ስለሆነ የካንታብሮ ፍተሻ ይጠይቁ። በማርሻል መዶሻ በሁለቱም ፊት 50 ጊዜ የተጠቀጠቀ ናሙና ከተመዘነ በኋላ የብረት ኳሶቹ በወጡለት የሎስ አንጀለስ በርሜል (የጠጠር ጥንካሬ መፈተሻ የሚሽከረከር የብረት በርሜል) ውስጥ ብቻውን 300 ዙር ይሽከረከራል። ሲወጣ ጠርዙ ተበልቶ ድቡልቡል ይሆናል፤ የቀረው ይመዘንና የጎደለው በመቶኛ ይሰላል። ኤኤስቲኤም ዲ7064 በተባለው የአሜሪካ መስፈርት መሠረት አዲሱ ናሙና ከ20 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ ሙቀት 7 ቀን በምድጃ የቆየው ደግሞ በአማካይ ከ30 በመቶ በላይ ማጣት የለበትም። እኔ በጥብቅ የምመክርዎ የሁለተኛውን ውጤት ሳያዩ እንዳይፈርሙ ነው፤ ምክንያቱም አየር በቀዳዳዎቹ ገብቶ ሬንጁን ከውስጥም ስለሚያገኘው፣ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለው ፀሐያችን ቶሎ ደርቆ ይሰባበራል።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ውኃው ግን መረሳት የለበትም። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርደው ዝናብ ሬንጁ ከጠጠሩ እንዳይላቀቅ፣ በውኃ ተነክሮ የቆየው ናሙና የደረቁ ናሙና ሳይሰነጠቅ ከሚችለው የመለጠጥ ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን መያዙ ይረጋገጥ። ትኩስ ድብልቁ ሲጓጓዝ የሚንጠባጠበው ሬንጅም ከ0.3 በመቶ አይለፍ፤ ይህን ለመግታት ፋይበር ይጨመራል።
ከሁሉ የሚያሳስበኝ አቧራው ነው። ካልተነጠፉ መንገዶች በጎማ ተጣብቆ የሚመጣው አፈር ቀዳዳውን ከደፈነው፣ አስፋልቱ ሳይፈረፈርም ሥራው ያበቃል። ስለዚህ እንደተነጠፈ፣ ከዚያም በየዓመቱ ከክረምት በፊት፣ ወለሉ ላይ ቀለበት ታሽጎ የተለካ ውኃ ይፍሰስበትና የሚሰርግበት ጊዜ ይመዝገብ። ሥሩ ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ውኃው ወደ ታች አይዘልቅምና ከጠጠሩ መደብ ውስጥ የሚያስወጣው ቀዳዳ ያለው ቱቦ ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ናሙናው ከየት ይወሰድ?

መልስ፦
ለዲዛይን በላብራቶሪ ከተዘጋጀው ብቻ ሳይሆን፣ በሥራው ዕለት ገልባጭ መኪናው ካመጣው ድብልቅም ይወሰድ። አስቀድሞም ትንሽ የሙከራ ቦታ ተነጥፎ ተቆርጦ ይታይ፤ በአስፋልቱ ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት ከ18 እስከ 25 በመቶ መሆን አለበት። ሮለሩ ንዝረቱን አጥፍቶ ይሂድ፤ አለዚያ ጠጠሩ ይሰበርና ሬንጅ ያልነካው አዲስ ፊት ይወጣል፤ መፈርፈሩም ከዚያ ይጀምራል።