ከአማልፊ እንድርያስ እስከ ራቬሎ ጰንጠሌዎን፦ አባቴ በእግር ይውጡ ወይስ በአውቶቡስ?

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ደቡብ ጣሊያን፣ ሳሌርኖ ነው የሚኖረው። ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ አባታችንን ይዤ ልጠይቀው ተሰናድቻለሁ። ቪዛው ወጥቷል፣ የአውሮፕላን ቲኬቱም ተቆርጧል። የቀረው አንድ ክርክር ነው።

አባባ 71 ዓመታቸው ነው። በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ኋላ በመምህርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወንድሜ በስልክ ሲያጫውታቸው የሐዋርያው የእንድርያስ ዐፅም ያለው አማልፊ መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ተራራው ላይ ባለችው ራቬሎ በምትባል ከተማ ደግሞ የጰንጠሌዎን ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ነገራቸው። በቃ፣ ያን ዕለት ቆረጡ። ከእንድርያስ ተነሥቼ ጰንጠሌዎን በእግሬ እደርሳለሁ አሉ። አውቶቡስ እንዳለ ቢነገራቸውም፣ ጤና ያለው ሰው እስከ ደጀ ሰላም ተቀምጦ አይሄድም ብለው ነገሩን ዘጉት።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የቀኝ ጉልበታቸው ነው። በየወሩ በ23 ከሥላሴ ተነሥተው ፒያሳ ጊዮርጊስ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እኔም ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ነኝ። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስንወርድ ክንዴን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ከድልድዩ በኋላ ዳገቱን ሲይዙት ግን ይለቁኛል፤ አንዳንዴም ቀድመውኝ ይወጣሉ። ስለዚህ ዳገቱ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ያ ሁሉ ደረጃ በባዕድ አገር መካከል ላይ ቢያቅታቸውስ የሚለው ነው።

መንገዱን በእግሩ የሚያውቀው ሰው ካለ፣ ምን ያህል ይከብዳል? ማረፊያስ አለው? ደግሞም አባባ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ዝም ብለው የሚወጡ ሰው አይደሉም፤ እያንዳንዱን ሥዕል ማን ነው፣ ለምን ተሣለ ብለው ይጠይቃሉ። ምን እንደማሳያቸው ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። የራቬሎው ጰንጠሌዎን የአክሱሙ ጻድቅ ነው ብለውም አምነዋል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ የፒያሳ ነዋሪ

እህቴ፣ አባትሽ ልክ ናቸው። ያ መንገድ በእግር ነው መሄድ ያለበት። ሚኖሪ በምትባለው ጎረቤት ከተማ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ለዓመታት ሠርቼ ነው አገሬ የገባሁት፤ የዕረፍት ቀኔን ሳሳልፍ የኖርኩት እነዚያ ደረጃዎች ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አገር ቤት ሆኜ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ስለዚህ ብረዝም ታገሺኝ።

አማልፊ ባሕሩ አፍ ላይ ነች። ራቬሎ ከባሕሩ 350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሁለት ሸለቆዎች መካከል ባለ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው ከፍታ ከዚህ ይበልጣል። የእኛ ዳገት ግን በመንገድ ርዝመት ይከፋፈላል፤ የእነርሱ ከ1,000 በሚበልጡ የድንጋይ ደረጃዎች ተሰብስቦ ይመጣል። ጤነኛ ወጣት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። አንቺ ሦስት ሰዓት መድቢ፤ ሽማግሌ በሰው ሰዓት አይነዳም።

መነሻችሁ የአማልፊው ካቴድራል ነው። እዚያ ለመግባት ራሱ 62 ደረጃ አለ፤ አባትሽን አታጣድፊያቸው። ከላይ ሲደርሱ ፊት ለፊት የሚያገኙት የነሐስ በር በ11ኛው ክፍለ ዘመን ቁስጥንጥንያ ተሠርቶ በመርከብ የመጣ ነው። ያሠራው ጰንጠሌዎን የሚባል የአማልፊ ነጋዴ ነበር። አማልፊ ያኔ ከቁስጥንጥንያና ከግብፅ ጋር የምትነግድ የባሕር ኃይል ነበረች። የሕንጻው ፊት ግን እንደ በሩ ጥንታዊ አይደለም፤ የቀድሞው እ.ኤ.አ. በ1861 ተደርምሶ እንደገና የተሠራ ነው። የሐዋርያው ዐፅም ከታች፣ በምድር ቤቱ መንበር ሥር ነው። ካርዲናል ፒዬትሮ ካፑዋኖ እ.ኤ.አ. በ1208 ከቁስጥንጥንያ ያመጣው ነው፤ ያም ከምዕራብ አውሮፓ የዘመቱት የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ከዘረፉ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። አባትሽ ይህን ሲሰሙ ዝም የሚሉ አይመስለኝም፤ ይጠይቁ፣ መጠየቅም አለባቸው። ለጎብኚ መግቢያው ገነት በሚሉት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው ዓምዳማ ግቢ በኩል ነው፤ ትኬት እዚያ ይቆረጣል።

ከዚያ ወደ አትራኒ ሂዱ። በባሕሩ ዳር ትንሽ እንደተራመዳችሁ ትደርሳላችሁ። የመኪና መንገዱ በቅስት ተሸክሞ በላይዋ ያልፋል፤ እርሷ ከሥር ናት፤ አንድ አደባባይ፣ ጥቂት ወንበር፣ ልብስ የተሰጣባቸው ሰገነቶች። ቡና ጠጡና ውኃ ያዙ። አደባባዩ ላይ ያለችው ትንሿ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የአማልፊ መሳፍንት ሹመታቸውን የሚቀበሉባት ነበረች፤ ክፍት ከሆነች ግቡ፣ ዝግ ከሆነች አትዘግዩ።

ደረጃው ከአትራኒ በኋላ ነው የሚበረታው። መጀመሪያ በቤቶች መካከል በጠባብ መተላለፊያ ይወስዳችኋል፤ ቀጥሎ የሎሚ እርከኖች ውስጥ ያስገባችኋል። ተራራው ከላይ እስከ ታች በደረቅ የድንጋይ ካብ ተደርድሮ፣ በየእርከኑ ሎሚ ተተክሏል። ሎሚዎቹ እኛ እንደምናውቃቸው አይደሉም፤ ረዣዥም፣ ጫፋቸው የሾለ፣ አንዱ መዳፍ የሚሞላ ነው። ዛፎቹን የሚሸከመው ከቼስትነት ዛፍ እንጨት የተሠራ ርብራብ ነው፤ በላያቸው ከውርጭና ከበረዶ የሚከላከል መረብ ይዘረጋል። መኪና ወደማይገባበት እርከን ዕቃ የሚወጣው ዛሬም በበቅሎ ነው። ደረጃዎቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ አጭር ነው፣ ቀጣዩ እስከ ጉልበት ሊደርስ ምንም አይቀረው። መካከላቸው በብዙ እግር ተልጦ ስለለሰለሰ ዳር ዳሩን፣ ካቡን ተጠግተው ይውጡ። ደረጃው በሚታጠፍበት ሁሉ መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ አይጠፋም፤ ባሕሩም ከእያንዳንዱ ላይ ይታያል።

ስለ ዝናብ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። መስከረምና ጥቅምት ለእግር ጥሩ ወር ነው፤ ዝናቡ ግን ሲመጣ በአንድ ጊዜ ነው። አትራኒ የተሠራችው በድራጎኔ ወንዝ አፍ ላይ ነው፤ ወንዙም ከከተማዋ ሥር ተሸፍኖ ያልፋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2010 ላይ ደራሽ ጎርፍ በዋናው መንገድ ወርዶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሰማዩ ከጠቆረ፣ አባትሽ ቢቆጡም አውቶቡስ ያዙ።

አሁን ራቬሎ። የጰንጠሌዎን ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1086 የተመሠረተ ነው፤ ከውጭ ስታዪው ነጭና ተራ ነው። ውስጡን ነው ማየት። የነሐስ በሩን ባሪሳኖ ዘትራኒ እ.ኤ.አ. በ1179 ሠርቶታል። ትልቁ ሰባኪ የሚቆምበት መድረክ እ.ኤ.አ. የ1272 ሥራ ነው፤ በስድስት አንበሶች ጀርባ ላይ በቆሙ ጠምዛዛ ዓምዶች ተሸክሞ ይታያል፤ ጎብኚው ሁሉ የሚከበው እርሱን ነው። አንቺ ግን አባትሽን ወደ ፊት ለፊቱ፣ ወደ ትንሹና በዕድሜ ከእርሱ ወደሚቀድመው መድረክ ውሰጂያቸው። በደረጃው ግራና ቀኝ በጥቃቅን ባለቀለም ድንጋይ የተሠራ ዮናስ አለ። በአንዱ ወገን የባሕሩ አውሬ እየዋጠው ነው፤ በሌላው ወገን እየተፋው ነው። አውሬው ዓሣ አይመስልም፤ ክንፍ አለው፣ ጅራቱ ተጠምዝዟል። የዮናስን ታሪክ በጾመ ነነዌ ሲሰማ የኖረ ሰው እዚያ ቆሞ ማንም ሳያስረዳው ያነበዋል። ለብዙ አገር ሰዎች አሳይቼዋለሁ፤ ቶሎ ዞር ያለ አላየሁም።

ከካቴድራሉ አጠገብ ቪላ ሩፎሎ አለ፤ አትክልቱ ታዋቂ ነው፣ ጊዜ ከተረፈ ግቡ።

ውጡ፣ ግን በእግር አትውረዱ። ስለ ራስ መኮንን ድልድይ የጻፍሽው ለእኔ በቂ ነው።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ካዛንቺስ

የፒያሳው ወንድሜ የመጨረሻ ቃል ላይ እኔም እጨምራለሁ። ቁልቁል ሲወረድ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይይዛል፤ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫናም ከመውጣቱ ይበዛል። ዳገት ላይ ደህና ሆኖ ቁልቁለት ላይ የሚታመም ጉልበት በሥራዬ ዕለት ተዕለት የማየው ነው፤ ከአንድ ሺህ ደረጃ ወርዶ በማግሥቱ ያብጣል። ስለዚህ ውሳኔው መውጣት በእግር፣ መውረድ በአውቶቡስ ይሁን።

ትንፋሽን በተመለከተ አባትሽ ዕድለኛ ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የኖረ ሰው ባሕር ዳር ሲወርድ አየሩ ኦክስጅን የሞላው ነው። የሚያስቸግረው ሙቀቱና እርጥበቱ ነው፤ ላብ ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚህ ሳይጠማቸው ይጠጡ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያነጋግሩ።

እስከዚያ ሥልጠናው እዚሁ ይጀመር። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀስ ብለው፣ በጥሩ ጫማ ይውጡና በታክሲ ይመለሱ። መቋሚያ ከያዙ ይያዙት፤ በግራ እጃቸው ይሁን፣ የታመመው ቀኝ ስለሆነ። ብዙ ሰው በታመመው ወገን ይይዛል፤ ያ ጉልበቱን አያሳርፈውም።

መልስ፦ ስንክሳር አንባቢ

ስለ ጰንጠሌዎን። የራቬሎው የኒቆምድያው ሐኪም ሰማዕቱ ጰንጠሌዎን ነው፤ በሽተኛን ያለ ዋጋ የሚያክም፣ በአራተኛው መቶ ዓመት መባቻ በዘመነ ሰማዕታት አንገቱን የተቆረጠ። የአክሱሙ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆነው ጰንጠሌዎን ዘጾማዕት ነው፤ አፄ ካሌብ ወደ የመን ሲዘምት ጸሎቱን የጠየቀው ጻድቅ። በመካከላቸው ከሁለት መቶ ዓመት የማያንስ ጊዜ አለ። የእኛ ስንክሳር ሁለቱንም በጥቅምት ወር ያነሣቸዋል፤ ስለዚህ አባትሽ በጥቅምት እዚያ ከተገኙ መሄዳቸው ከወሩ ጋር የገጠመ ነው። በራቬሎ በመስታወት የተቀመጠ የሰማዕቱ ደም አለ ይባላል፤ የቦታው ሰዎች በዓሉን የሚያከብሩት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ነው።

ወንድምሽ ሳሌርኖ ከሆነ ደግሞ ዋናውን ዘንግታችኋል። የሳሌርኖ ካቴድራል የወንጌላዊው የማቴዎስ ዐፅም ያለበት ነው፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖርማኖች መስፍን ሮቤርቶ ጉዊስካርዶ ያሠራው። ከወንድምሽ ቤት ተነሥቶ ማቴዎስን፣ ከዚያ እንድርያስን፣ ከዚያ ጰንጠሌዎንን ማየት ለአንድ የቅኔ ቤት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

እዚያ ጫማ አይወለቅም፤ ትከሻና ጉልበት ግን ይሸፈናል። ነጠላሽን ያዢ፣ ለሙቀቱም ቀላል ነው። የእምነቱ ሥርዓት የእኛ ስላልሆነ ቅዳሴያቸው ላይ ቆሞ መጸለይ እንጂ መቁረብ የለም፤ ይህን አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከአራት ኪሎ (ጠያቂዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጽሑፉን ማታ ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ 1208 የተጻፈው ላይ ስደርስ አስቁመውኝ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ስለ ዮናስ ሲሰሙ ደግሞ ክንፍ ያለውን አውሬ ካላየሁ አልመለስም አሉ። በአውቶቡስ መውረዱን ተስማምተዋል፤ እግዚአብሔርን አይተው ሲመለሱ መቀመጥ ነውር የለውም ብለዋል። የፊታችን ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ እንጀምራለን። አንድ የቀረኝ፣ ከራቬሎ አውቶቡሱን የት ነው የምንይዘው?

መልስ፦ የፒያሳ ነዋሪ

ከካቴድራሉ አደባባይ በቪላ ሩፎሎ አጠገብ አጭር ዋሻ አለ፤ እርሷን አልፋችሁ እንደወጣችሁ ማቆሚያው እዚያው ነው። ወደ አማልፊ ይወርዳል፤ ከአማልፊ ወደ ሳሌርኖ ሌላ ትይዛላችሁ። ትኬቱን ሳትሳፈሩ ከትምባሆ መሸጫ ሱቅ ወይም ከቡና ቤት ግዙ፤ የመልሱን ጠዋት አማልፊ ላይ አብራችሁ ብትይዙት ይሻላል፣ ማታ ሱቆቹ ቀድመው ሊዘጉ ይችላሉ። የመኪና መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ አባትሽ መኪና የሚያዞራቸው ከሆነ ከፊት ወንበር ይቀመጡ።