መሐንዲስ አንትሮፖሎጂ ምን ያደርግለታል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ክርክር የመጣው አንድ አባላችን በግል ከላከልኝ ቅሬታ ነው። ልጁ ዘንድሮ ኢንጂነሪንግ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ገባ። የጠበቀው ሌላ፣ የተሰጠው ሌላ። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ። «የልጄ አንድ ዓመት ባከነ» ይላል አባት።

ለረሳ ላስታውስ። ፍሬሽማን የሚባለው፣ ከሙያ ትምህርት በፊት እነዚህን የጋራ ኮርሶች የሚማሩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ የመሰናዶ ትምህርት በ1990ዎቹ ሲመጣ ቀርቶ ነበር። ብዙ ዲግሪም ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ከዚያ 70 በ30 መጣ። ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። ይቆይ ወይስ ይቅር? እኔ ይቆይ ባይ ነኝ፤ አሁን ባለበት መልኩ ግን አይደለም። አቋሜን ደብቄ አላወያይም።

መሐንዲሱ፦ ይቅር። እኔ በ70 በ30 ዘመን የገባሁ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ፍሬሽማን አልተማርኩም፤ ምንም አልጎደለኝም። የጎደለኝ ላቦራቶሪ ነው። ትራንስፎርመር ተከፍቶ ሆዱን ያየሁት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። በላቦራቶሪ ሰዓት አንዱ መሣሪያውን ይነካል፣ አሥራ አራቱ ከኋላ ቆሞ ያያል። ይሄ ባልተሟላበት አገር ስለ ባህል ትርጉም አንድ መንፈቅ ማውራት ቅንጦት ነው። ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው የሚጠይቅህ ሙያህን ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

የታሪክ መምህሯ፦ አንዱንም ዛፍ ለመውጣት ግን ሁለቱም እግር ያስፈልጋል፣ ወንድሜ።

መሐንዲሱ፦ ሃሃ። ቆንጆ ናት፤ ግን ማስረጃ አይደለችም። ማስረጃ አምጪ።

የታሪክ መምህሯ፦ አክሊሉ ለማ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ያጠና ነበር። በሽታው ያለ ቀንድ አውጣ አይተላለፍም። ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣው ሞልቷል፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ግን የሞተ ቀንድ አውጣ አየ። በሕይወት ያሉትን ሰብስቦ እንዶድ ውስጥ ሲጨምራቸው ሞቱ። እናቶቻችን ከሳሙና በፊት ሲያጥቡበት የኖሩት ፍሬ የበሽታ መከላከያ ሆነ። በ1989 እ.ኤ.አ. እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ባህል፣ ሳይንስና የእጅ ሥራ አንድ ወንዝ ዳር ተገናኙ። ከዚህ የበለጠ ምን ላምጣልህ?

መሐንዲሱ፦ አክሊሉን ማንሳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ! ሰውየው በጥገኛ ተሕዋስያን ላይ የተካነ ሳይንቲስት ነው። ያንን ወንዝ ስንት ሰው ተሻገረው? የሞተ ቀንድ አውጣ ለሌላው ሰው ቆሻሻ ነው። እሱ የቆመው ምን እንደሚፈልግ ስለሚያውቅ ነው። ይሄ ለጥልቀት ነው የሚመሰክረው።

ባለ ላውንደሪዋ፦ የአጣቢዎቹን ስም የመዘገበ አለ? ለጠቅላላ ዕውቀት ነው የምጠይቀው።

አወያይ፦ (ዝምታ። ቀጥሉ።)

የአብነት ተማሪ የነበረው፦ ከሙያ ውጭ ሰፋ አድርጎ መማርን ከፈረንጅ የመጣ አስመሰላችሁት። እኛ ጋ «አራት ዓይና» የሚባል ማዕረግ አለ። አራቱን ጉባኤ የዘለቀ ሊቅ ማለት ነው፤ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱን፣ መነኮሳቱን። መጽሐፍ ቤት ከመድረሱ በፊት ንባብ፣ ዜማና ቅኔ ተምሯል። ባሕረ ሐሳብም አለ፤ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ማስላት። እሱ ሒሳብ ካልሆነ ምን ይሆን? ይሄ ሁሉ ደግሞ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምኖ፣ ጎጆውን ራሱ ሠርቶ ነው። የእጅ ሥራ ያላችሁት እዚያም ነበር።

መሐንዲሱ፦ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድጓን፣ የዜማውን መጽሐፍ፣ ተምሮ ማስመስከር የሚፈልግ የት ይሄዳል?

የአብነት ተማሪ የነበረው፦ ጋይንት ያለው ቤተልሔም።

መሐንዲሱ፦ ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለው ዜማስ?

የአብነት ተማሪ የነበረው፦ ዙር አባ። ወዴት እንደምትወስደኝ ገብቶኛል። አዎ፣ አቋቋምም ጎንደር በአታ ነው። ሁሉም የየራሱ ምስክር ቤት አለው፤ አንዱን ለማስመስከር ዓመታት ያልቃሉ። ግን ያንተን ነጥብ አያረጋግጥም። ዙር አባ የሚሄደው ንባብ የማያውቅ ልጅ አይደለም። ጥልቀቱ የሚመጣው ከስፋቱ በኋላ ነው። ሌላም ልጨምር። ቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ደግመህ ብትመጣ መሳቂያ ነህ። በየቀኑ አዲስ ትቆጥራለህ። እናንተ ዩኒቨርሲቲ የምትሉት ቦታ ግን፣ ከወንድሜ ልጅ እንደሰማሁት፣ ስላይድ መሸምደጃ ነው።

ፍሬሽማኑ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምታወሩት ስለኔ ስለሆነ ልግባ። አጎቴ ልክ ነው (አጎቴ ባይሆንም)። አንትሮፖሎጂን የተማርነው በስልክ ከተላከልን ሞጁል ነው። አዳራሹ ውስጥ ከመቶ በላይ ነን፣ ማይኩ ይቆራረጣል፣ ፈተናው ምርጫ ነው። «ባህል ማለት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሁሉም መልስ ናቸው።» ሁሉም ነው መልሱ፤ ሁልጊዜ።

ግን ዶርም ውስጥ ስምንት ነን፤ ከአምስት ክልል። አንድ ሌሊት ስለ ጥሎሽ ክርክር ተነስቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተኛንም። የአንዱ አገር ወግ ለሌላው ስድብ ነው የሚመስለው። ያን ሌሊት ሞጁሉን ገልጬ ያነበብኩት ለፈተና አልነበረም። ልጆቹን ለመርታት ነው። ሎጂክን ደግሞ አትንኩብኝ። ኢንጂነር «ፍሬሽማን አልተማርኩም፣ ምንም አልጎደለኝም» ሲሉ የተፋለሰ ሙግት ነው፤ ያላዩትን ነገር እንዳልጎደለ በምን አወቁ?

የታሪክ መምህሯ፦ ተባረክ!

መሐንዲሱ፦ ልጁን ማን አስገባው? 

አወያይ፦ እኔ። ቀጥሉ።

ሲስተር፦ ከማታ ተረኛነት ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ አጭር ይሁንልኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ብለው መጡ። አዲስ የመጣው ሐኪም ያደገው በሌላ ቋንቋ ነው፤ ቀጥታ ወደ ልብ ሕመም ሄደ። እሳቸው የሚያሳዩት ግን የጨጓራቸውን ቦታ ነበር። «ምች መታኝ» የሚል ሲመጣም ዳማከሴ አሽቶ፣ ቤቱ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። ለምን እንደቆየ ካልገባህ ትቆጣዋለህ። ከተቆጣኸው ሁለተኛ አይመጣም። ታዲያ ይሄንን ያወቅኩት ከኮርስ ነው? አይደለም። ከእናቴና ከታማሚዎቼ ነው። ኮርስ ቢኖረኝ ግን ከመቆጣቴ በፊት እጠይቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ምክንያቱም እኔም የተቆጣኋቸው ነበሩ።

የጤፍ ተመራማሪዋ፦ እኔ ሁለታችሁንም ላስቀይም። ቁንጮ የሚባለውን ጤፍ ታውቃላችሁ። በ1998 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ደብረ ዘይት ላይ ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ። አንደኛው፣ ዱከም የሚባለው፣ ምርቱ ጥሩ ነበር፤ ፍሬው ግን እንደሚፈለገው አልነጣም። ሌላው ማኛ ነው፤ ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን ዝቅ ይላል። ወረቀት ላይ ምርታማው ያሸንፋል። ገበያ ላይ ግን ደላላው ጤፉን መዳፉ ላይ አፍሶ ቀለሙን ነው የሚያየው። ዋጋው እዚያው መዳፍ ላይ ይወሰናል። ስለዚህ የአንዱ ምርትና የአንዱ ንጣት ተጣመሩ፤ ገበሬውም ተቀበለው። ማዳቀሉ ንጹሕ ጄኔቲክስ ነው፤ ምን ከምን ጋር ይዳቀል የሚለው ግን ከምጣድና ከገበያ የመጣ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ሥራ ስጀምር መጠይቅ ይዤ ገበሬ ጋ ሄድኩ። «ስንት ጥማድ አለዎት? ስንት ኩንታል አገኙ?» አንድ ወር ዞርኩ። ሁሉም አሳንሶ ነገረኝ። ለምን? ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ስለ መሬትና ምርት የሚጠይቅ ሰው ግብር ሊጨምር ነው። ይሄን የሠፈሩ ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔ ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ አላወቅኩም። መረጃው በሙሉ ተጣለ። አለቃዬ ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፍም።

መሐንዲሱ፦ ይሄ ይገባኛል። ግን ልብ በሉ፣ ሁላችሁም ከሕይወት የተማራችሁትን እየነገራችሁኝ ኮርስ ይኑር ትላላችሁ። ሲስተር ከታማሚ፣ እርስዎ ከገበሬ፣ ልጁ ከዶርም። ማንም ከክፍል አልተማረውም። የኔን ክርክር እያሸነፋችሁልኝ ነው።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ እኔ ሌላ ላንሳ። የኮንዶሚኒየም ዲዛይን ላይ ኮሙናል ቤት የተጨመረው እኮ ባህል ታስቦ ነው፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። እኛ ግቢ ያለው ዛሬ ሱቅ ሆኗል። በፋሲካ በጉ የሚታረደው ደረጃው ሥር ነው። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ ሲቆላ የጎረቤት ሳል ይሰማኛል።

መሐንዲሱ፦ አያችሁ? ባህል ታስቦም ከሸፈ።

የታሪክ መምህሯ፦ ታስቦ ነው ወይስ ተገምቶ? አራተኛ ፎቅ ያለች ሴት ሊጥ ተሸክማ ወርዳ፣ ወረፋ ይዛ፣ እንጀራውን ተሸክማ እንደማትወጣ ለማወቅ አንዷን መጠየቅ ይበቃ ነበር። ቆይ፣ በሙያህ ልጠይቅህ። የበዓል ዋዜማ መብራት ለምን ይጠፋል?

መሐንዲሱ፦ ብዙ ምክንያት አለው። አንዱ ጭነት ነው። ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል።

የታሪክ መምህሯ፦ ጭነቱ ምንድነው?

መሐንዲሱ፦ ...ምጣድ። አንዱ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ዋዜማ ላይ ሠፈሩ በሙሉ አንድ ላይ ይጋግራል።

የታሪክ መምህሯ፦ የፆም መግቢያና መውጫውን፣ የዒዱን ዋዜማ፣ ማን መቼ እንደሚጋግር ካላወቅክ ትራንስፎርመርህን በምን ትመጥናለህ?

መሐንዲሱ፦ በቆጣሪ መረጃ እመጥነዋለሁ። ቁጥሩ ይነግረኛል፤ ፆም መግባቱን ማወቅ የለብኝም። (እሺ፣ ያወቅኩት ግን ከእናቴ ነው። ሳቁ።)

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። እኔ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። በእኛ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነበር፤ ከመመረቃችን በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ሄደን እንሠራለን። አብዛኛው ሰው አስተማሪ ይሆናል። ብዙዎቻችን እየተነጫነጭን ነው የሄድነው። እኔ የደረሰኝ ወሎ ነው፣ በ1965 ዓ.ም.።

ሒሳብና ሳይንስ አስተምር ነበር። መስከረም ላይ ክፍሉ ሙሉ ነበር። ከገና በኋላ ወንበሮች ባዶ መሆን ጀመሩ። መጀመሪያ የቀሩት ከሩቅ የሚመጡት ናቸው። አንድ ልጅ ነበር፣ በጣም ጎበዝ። «ለምን ቀረህ?» ስለው «አባቴ በሬዎቹን ሸጠ» አለኝ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። በሬ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ ገንዘብ ያገኙ መስሎኝ ደስ አለኝ። የመጨረሻው ነገር እንደሆነ ያስረዳኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ጋዜጣው ስለ ረሃቡ አይጽፍም ነበር። በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው የሄዱ መምህራን ፎቶ አንስተው ነው ለተማሪው ያሳዩት።

ተመልሼ ኬሚስትሪዬን ጨረስኩ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ኬሚስትሪ አስተማርኩ። ግን ያ ልጅ ያለኝን አንድ ቀን በትክክል ሳልሰማው ቀርቻለሁ።

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ ይሄንን መከራከር ያሳፍራል። ግን ስለ ሥርዓቱ ልጠይቅዎ። ያኔ ዩኒቨርሲቲው የነበረው ጥቂት ሺህ ተማሪ ነው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብቻ ከ40 በላይ ነው። ያን ሁሉ ተማሪ የትኛው ወረዳ ይቀበላል? ማን ያበላዋል? ደኅንነቱስ?

ጡረተኛው መምህር፦ ልክ ነህ። የደኅንነቱ ነገር ለኔም መልስ የለውም። ልጄን ዛሬ እልካለሁ ወይ ብትለኝ እንጃ። አንድ ዓመት ከባድ ከሆነ ግን አንድ ክረምትስ? ሩቅ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማስ? በር ላይ ሊስትሮው አለ፣ ወፍጮ ቤቱ አለ፣ ጤና ጣቢያው አለ። ተማሪው አራት ዓመት አልፏቸው ይሄዳል።

አወያይ፦ የኔ ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ጋሼ ቀደሙኝ። አንትሮፖሎጂን ወፍጮ ቤት ሄዶ ከመጠየቅ ጋር ብታያይዙት ሞጁሉ ራሱ ይጣፍጣል። መቶ ሰው አዳራሽ ሞልቶ «ሁሉም መልስ ናቸው» ከሚል።

መሐንዲሱ፦ እሺ፣ ልደራደር። ከፍሬሽማን ሁለት ኮርስ ይውጣ። በሁለቱ ምትክ አንድ ክረምት ሥራ ቦታ፤ ከሰው ጋር።

የታሪክ መምህሯ፦ የትኞቹ ሁለት?

መሐንዲሱ፦ ግሎባል ትሬንድ የሚሉት የዓለም ጉዳይ ኮርስና አንትሮፖሎጂ።

ሲስተር፦ ሰው መሐል ልትልካቸው ነው አንትሮፖሎጂውን የምታወጣው?

መሐንዲሱ፦ ...እሺ። ግሎባል ትሬንድና ሎጂክ።

ፍሬሽማኑ፦ ኢንጂነር!

መሐንዲሱ፦ በቃ፣ ግሎባል ትሬንድና ኢንተርፕረነርሺፕ።

ባለ ላውንደሪዋ፦ ቆይ ቆይ። ኢንተርፕረነርሺፑን ማን ነው የሚያወጣው? እኔ ጋ ሥራ ለምነው የሚመጡት እኮ ዲግሪ ያላቸው ናቸው።