አስቸኳይ! ለቲቪ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ

የሆጤው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ። ደሴ ነኝ። ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር አለኝ፣ ሳሎን ከቲቪው ጋር አገናኝቼ ፊልም የማይበት። ከትናንት ጀምሮ ስታክ ያደርጋል። ድምፁ «ድ-ድ-ድ-ድ» እያለ ይቀራል፣ ማውዙም አይነቃነቅ። አንዳንዴ ደግሞ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ይነሳል። ዛሬ ማታ ዘመድ ይመጣል፣ የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ ማሳየት አለብኝ። ምን ላድርግ?

ፎርማት ባይ፦ ፎርማት አድርገው።

ቦርከና፦ ወንድሜ፣ ያመኛል ብሎ የት እንደሚያመው የማይናገር በሽተኛ ሆንክብን። ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው? ራሙስ? ፓወር ሰፕላዩስ?

የሆጤው፦ ኮር አይ ፋይቭ፣ ሁለተኛ ትውልድ። ራም 8 ጊጋ። ፓወሩ ከኬዙ ጋር የመጣ ነው፣ 500 ዋት ይላል። ሙቀት ነው እንዳትሉኝ ብቻ። ጋቢ ለብሼ ነው የምጽፈው።

አያ ሙሄ፦ ልጄ፣ እዚች ላይ ልያዝህ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ስስ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ነው። አየሩ ሲሳሳ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። አንተን በረደህ ማለት ፕሮሰሰሩን በረደው ማለት አይደለም። በቴፕ ዘመን ሄዱን በጥጥና በአልኮል እየጠረግን ነበር ዕቃ የምናኖረው። የዛሬ ልጅ ኬዙን ሳይከፍት ይጠይቃል። ክፈተው፣ አቧራውን ጥረግ፣ ሄትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ሙቀት አውጪ ብረት) ሥር ያለው ሙቀት አሳላፊ ፔስት ደርቆ እንደሆነ እይ። ፊልሙ እየሄደ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ኤችደብልዩ ሞኒተር በሚባለው ፕሮግራም ተከታተል። ከ90 ዲግሪ ካለፈ ሌላ ምክንያት አትፈልግ።

ሰኞ ገበያ፦ ራሙን ንቀልና ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ ጥረግ። የኔ በዚህ ነው የዳነው።

ፎርማት ባይ፦ ዊንዶውሱ ነው እያልኩህ። ፎርማት።

የጦሳ ጉም፦ ዱበርቲዎቹን ጥራና አቦሉ ላይ ይመርቁት። ከላጲስ ይሻላል።

ቦርከና፦ ሁለት ጥያቄ። ስታክ የሚያደርገው ፊልም ሁሉ ላይ ነው ወይስ ሠርጉ ላይ ብቻ? ራሱ ሲጠፋስ ቤት ውስጥ ምን በርቷል?

የሆጤው፦ የድሮ ፊልሞቹ ላይ ይቆይልኛል፣ ሠርጉ ላይ ነው ወዲያው የሚደርቀው። ሲጠፋ... እናቴ ለማታው እንጀራ እየጋገረች ነበር። ትናንትም። በኤሌክትሪክ ምጣድ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቡፌው ውስጥ ነው፣ መስታወቱ ይዘጋል። ላዩ ላይ ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል።

አያ ሙሄ፦ ዳንቴል!

ቦርከና፦ እሱን ነበር መጀመሪያ መናገር። ሁለት በሽታ ነው ያለህ። ራሱ የሚጠፋው በምጣዱ ይመስለኛል። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ መብራቱ ይደክማል፣ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ያንን አይችልም። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ (ኢቨንት ቪውወር) ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» ብታይ አትደንግጥ፣ ሳይዘጋ ጠፋ ማለት እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ሠርጉን ደግሞ ስቱዲዮው በ4ኬ ጥራት፣ ኤች 265 በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ሰጥቶህ ይሆናል። ኤች 265 የጸደቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያንተ ፕሮሰሰር የወጣው በ2011። ያልተማረውን ቋንቋ በግድ እያስነበብከው ነው። ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ያውም በዳንቴል ታፍኖ። ከቡፌው አውጣው፣ የኬዙን ጎን ክፈት፣ ምጣዱ ይጥፋ። ሃንድብሬክ በሚባል ፕሮግራም ወደ ቀድሞው ዘዴ ወደ ኤች 264 መቀየር ይቻላል፣ ግን በዚህ ማሽን ለዛሬ ማታ አይደርስም። ስቱዲዮው ከ4ኬ ባነሰው በ1080 ጥራት እንዲሰጥህ ጠይቅ።

መኮማተር፦ ይቅርታ፣ ኮምፒውተሩ ለምን አስፈለገ? ቲቪው 4ኬ ከሆነ በፍላሽ ሰካበት። ብዙዎቹ ኤች 265ን ራሳቸው ይከፍታሉ።

የሆጤው፦ ኮምፒውተሩን የሠራሁት እኮ ለዚሁ ነው! ለማንኛውም ሞከርኩ። ፋይሉ 11 ጊጋ ነው፣ ፍላሹ 32 ጊጋ ባዶ ነው፣ ግን ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ እምቢ አለ።

ቦርከና፦ ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ስለተዘጋጀ ነው። ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርገህ ፎርማት አድርገው። ቲቪው ካላነበበው ኤንቲኤፍኤስ ሞክር።

ፎርማት ባይ፦ እኔ ምን ብዬ ነበር?

የጦሳ ጉም፦ 😂😂 ይኼ ሰውዬ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደውም።

የሆጤው፦ እየገለበጠ ነው፣ 12 ደቂቃ ይላል። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። መጣሁ።

ሰኞ ገበያ፦ ሠርጉ ታየ?

ሰኞ ገበያ፦ ወንድም?

የኮምቦልቻዋ፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ያየሁት፣ ይቅርታ። የኔም ልክ እንደዚህ «ድ-ድ-ድ» ይላል። ቡፌ የለኝም፣ የምጋግረውም በእንጨት ነው። ላጲሱን ልሞክር?